ናይሮቢ ቀለም ቀቢ አላጣችም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ሙያዬ ቀለም ቅብ ነው፤ ከሸዋ በር እስከ ሰኞ ገበያ ብሩሼ ያልነካው ሰፈር የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጋዜጣ ላይ መጻፍ ልማዴ አይደለም፣ ወጉን ካልጠበቅኩ አትፍረዱብኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት ወደ ናይሮቢ የሚሲዮን ጉዞ ሊሄድ ተነስቷል። አሥራ ስምንት ልጆች ናቸው፣ አንዷ የኔው ልጅ ናት። ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። የቤተ ክርስቲያናችንን ስም አልጠራም፤ ማንንም ላሳፍር አይደለም የምጽፈው፣ ነገሩም የኛ ብቻ አይመስለኝም። ልጄ የጉዞውን ፕሮግራም አምጥታ አሳየችኝ። አንድ ትምህርት ቤት ቀለም ይቀባሉ፣ ሦስት ቀን የሙት ልጆች ማሳደጊያ ይውላሉ፣ የቀረው ዝማሬና ጉብኝት ነው።

ጉዞውን አልቃወምም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው እኛ ጋ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ወዲያው "ሥራ አደናቃፊ" ስለሚባል ነው። መጋቢያችንን ባናግራቸው "ወንድሜ፣ የልጆቹን ቅናት አታብርድባቸው" አሉኝ። ኧረ አላበርድም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናይሮቢ ያለችው ቤተ ክርስቲያን የጠየቀችንን ይዘን እንሂድ፣ ያልጠየቀችንን እንተው።

ስለ ቀለሙ ልጀምር፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን 2014 ወደ መንግሥት እጅ ሲመለሱ ከተማው ምን ይመስል እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፎ ነበር። በኋላ በኋላ እንግዶች መምጣት ጀመሩ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ብዙዎቹ ቁም ነገር ሠርተው ሄደዋል። ከመሀላቸው አንድ የውጭ አገር ወጣቶች ቡድን ነበር፣ አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ የመማሪያ ክፍሎቹን ቀባ።

ክፍሎቹ የቆዩ ናቸው። ግድግዳው ለዓመታት ኖራ በኖራ ላይ ሲደራረብበት የኖረ ነው። ኖራ ሲያረጅ ዱቄት ይሆናል፤ መዳፍህን ብታሳርፍበት ነጭ ሆኖ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ ቀለም ከማስኬድህ በፊት መፋቅ አለብህ፣ በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፣ ማጠብ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ግድግዳውን የሚይዝ የመጀመሪያ ቅብ መስጠት፣ ስንጥቁን በስቱኮ መሙላት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። ቀለም የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሥራው ሩቡ ቢሆን ነው። የቀረው ዝግጅት ነው፣ ዝግጅት ደግሞ ፎቶ አይወጣለትም፤ አቧራና ሳል ነው።

ልጆቹ ሮለራቸውን አንስተው ቀጥታ ኖራው ላይ አስኬዱት። ቢጫና ሰማያዊ። ሙዚቃ ከፍተው፣ እየሳቁ፣ ደስ ብሏቸው። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ መቼም፤ ከጦሳ የሚወርደው ጉም ክፍል ውስጥ ሳይቀር ይገባል፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ጀምሮ ውሃ ይጠጣል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተቀረፈ ተማሪዎቹ ደብተር ላይ ይወድቅ ጀመር። ያኔ ተጠራሁ።

እንዲህ ያለውን ማንሳት ከባዶ ግድግዳ የከፋ ነው። ግማሹ ራሱ ይላጣል፣ ግማሹ ሙጭጭ ብሎ አልለቅም ይላል። አንድ ግድግዳ ጋ ስደርስ ደግሞ ርዕሰ መምህሩ አስቆሙኝ። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት መዳፋቸውን ቀለም ነክረው አትመውበታል፣ ከሥር ከሥሩ ስማቸውን ጽፈዋል። "ይቺን እንኳ ባትነካት" አሉኝ። "ጋሼ፣ እሷም እየተቀረፈች እኮ ነው" ብላቸው "ይሁን፤ ነገ ተመልሰው ቢመጡ ምን እላቸዋለሁ?" አሉ። ዙሪያዋን ቀብቼ መሀሏን ተውኳት። እስከ ዛሬ አለች። ግማሾቹ እጆች አውራ ጣት የላቸውም እንጂ።

ልጆቹን አልወቅስም፣ የነገራቸው የለም። ርዕሰ መምህሩንም አልወቅስም። በነጻ ላግዝህ ብሎ ባሕር ተሻግሮ የመጣን እንግዳ "መጀመሪያ ፍቅ" የሚል አፍ ማን አለው? እኛ ወሎዬዎች በተለይ እንግዳ ማሳፈር አይሆንልንም። የናይሮቢዎቹም እንደኛው ጨዋ ቢሆኑስ ብዬ ነው የምፈራው። የልጆቻችንን ቀለም በፈገግታ ይቀበላሉ፣ ልጆቻችን ሞያሌ ሳይደርሱ ደግሞ የሰፈራቸው ቀለም ቀቢ ይጠራል።

ያ ቀለም ቀቢ ደግሞ አለ። ኬንያ ውስጥ ፉንዲ የሚሏቸው ባለሙያዎች ሞልተዋል፤ ግንበኛው፣ አናጢው፣ ቀለም ቀቢው፣ ልክ እንደኛ መንገድ ዳር ቆሞ ሥራ የሚጠብቀው። የሱን የሁለት ሳምንት እንጀራ በነጻ ሠርተንበት እንመለስና "አገለገልን" እንላለን። እስቲ እኔን አስቡኝ፤ ከጅቡቲ 18 ልጅ መጥቶ ሆጤ ያለውን ትምህርት ቤት በነጻ ቢቀባብኝ አጨበጭባለሁ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጄ ከናይሮቢዋ ቤተ ክርስቲያን የመጣውን የመጀመሪያውን መልእክት ስልኳ ላይ አሳየችኝ። እንግሊዝኛዬ እንደነገሩ ስለሆነ እሷው እየተረጎመች አነበበችልኝ። ምን ቢል ጥሩ ነው? እናቶቻችን የልብስ ስፌት ማኅበር አላቸው ይላል። የተበላሹ የስፌት መኪናዎች አሉን፣ ከናንተ መሀል መጠገን የሚችል፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በብዛት መቁረጥና መስፋት የሚያሳይ ሰው ካለ በጣም ይጠቅመናል ይላል። ሂሳብ አያያዝ የሚያስተምራቸው ቢገኝም ደስ ይለናል ይላል። አለቀ። ስለ ቀለም አንድ ቃል የለም። ስለ ማሳደጊያም የለም።

ኮሚቴው ምን መለሰ? ጌታ የሰጠን ሸክም ትምህርት ቤት ማደስ ነው አለ። እነሱም "እሺ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" አሉ። ምን ይበሉ?

ስፌት የሚያውቅ ሰው የት ጠፍቶ ነው ደግሞ? ከኛ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትወርዱ ኮምቦልቻ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስንቱን ቤተሰብ ያሳደገባት ከተማ። ሐምሌ 2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ስንቷን ልጅ የስፌት መኪና ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በላዩ ላይ አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣት ከቀረጥ ነጻ የሚላከው ቀረ፣ ሥራው ቀዘቀዘ፣ እጃቸው የሠለጠነ ልጆች ቤታቸው ተመለሱ። ከኛው ኅብረት ሁለት ሴት ልጆች እዚያ ሠርተው የወጡ ናቸው። አንደኛዋ ኦቨርሎክ ላይ ነበረች፤ ባለፈው እኛ ቤት መጥታ የባለቤቴ ሲንጀር ድምፁ ሲቀየር ከሳሎን ሆና ሰምታ "እማማ፣ ቺንጊያው ላልቷል" አለቻት። ሄደን ብናይ እውነቷን ነው። ሌላ ደግሞ የፋብሪካ መካኒክ የነበረ ልጅ አለን፣ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል።

ሦስቱም ከተጓዦቹ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። እያንዳንዱ ተጓዥ ከራሱ የሚያወጣው ድርሻ አለ፣ እሱን መክፈል አልቻሉም ተባልኩ።

እንግዲህ ፍረዱ። የተጠየቀውን ሥራ የሚችሉት ብር ስለሌላቸው ይቀራሉ፣ ብር ያላቸው ያልተጠየቀውን ሊሠሩ ይሄዳሉ። ይሄን ስሰማ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ደግሞ "እዚሁ ድሃ ሞልቶ ናይሮቢ ምን ወሰዳቸው" የሚሉ አሉ። እውነቱን ለመናገር ይሄ ንግግር ብዙም አይገባኝም። ሐይቅ እኮ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጃሪና ቱርክ ካምፕ በሚባሉት መጠለያዎች ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ዓመት በዓመት ላይ ሲቆጥሩ፣ ይሄን የሚሉት ሰዎች አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲሄዱ አላየሁም። አገር ውስጥ የሚረዳ ሰው ውጭ ለሚሄደው አፍ የለውም፣ ጊዜም የለው። ወንጌል ድንበር አያውቅም ለሚለውም እኔ አሜን ባይ ነኝ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንዴት እንደተጀመረ ሽማግሌ ጠይቁ፤ የሥጋ ደዌ በሽተኛን የገዛ ዘመዱ በሚሸሽበት ዘመን ከውጭ የመጡ ሚሲዮኖች ናቸው ቁስሉን እያጠቡ ያከሙት። እነሱ ግን ሕክምና የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ አማርኛ ተምረው፣ ብርዱን ችለው ተቀመጡ። ካሜራ ይዞ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መመለስ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ገንዘቡም እናውራ፣ ምንም እንኳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገንዘብ ነገር ሲነሳ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ቢያይ። አዲስ ፓስፖርት መደበኛው ክፍያ 5,000 ብር ነው። ለ18 ልጅ 90,000 ብር፣ ያውም ገና ከደሴ ሳይወጡ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ700 በላይ፣ ከሞያሌ ናይሮቢም እንደዚያው። ደርሶ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ መመለሻውን ሳንቆጥር። የኛ መንገድ ደግሞ ሲዘጋ ሲከፈት መሀል ላይ ማደር አለ። እዚያ የሚከፈለው በሽልንግ ነው፣ ብራችን ከሐምሌ 2016 ወዲህ የደረሰበትን ደግሞ እናንተው ስትጽፉ ነው የኖራችሁት።

አንድ የተማረ ዘመዴ የላከልኝን ነገር ልንገራችሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. ሚች የሚባል አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደማት በኋላ ከሰሜን አሜሪካ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ቤት ሊሠሩ ጎረፉ። ከርት ቨር ቢክ የሚባል ተመራማሪ ቆይቶ ሄደና ቤቱን የተቀበሉትንም የሠሩትንም ጠየቀ። አንድ ቡድን የአውሮፕላኑን ጨምሮ ወደ 30,000 ዶላር አውጥቶ አንድ ቤት ይሠራል። ያንኑ ቤት የአገሩ ክርስቲያን ድርጅት በ2,000 ዶላር ይሠራዋል። ቤቱ የተሰጣቸው ሰዎች ኑሮ ላይ ደግሞ ፈረንጅ ሠራው የአገር ልጅ ሠራው ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። እኛ በዶላር አንሄድም፣ አውቶቡስ ነው የምንሳፈረው፣ ግን ስሌቱ ያው ስሌት ነው።

መዋጮውን ልጆቹ የሰበሰቡት ከተማውን ዞረው ነው። ሰነፍ አይደሉም፣ ይሄን እመሰክራለሁ። እሁድ ከፕሮግራም በኋላ ሻይና ዳቦ ሸጡ፣ መኪና አጠቡ፣ ፒያሳን ሱቅ ለሱቅ አዳረሱት። ወሎ ነውና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሰጠ። የሰፈራችን ሐጂ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ልጆቹ ሲመጡ "ለየቲም ነው?" ብለው ጠየቁ፤ ለሙት ልጅ ማለታቸው ነው። "አዎ አባባ" ሲሏቸው ብሩን ቆጥረው ሰጡና "አብሽሩ፣ ለየቲም ከሆነማ የኛም ነው" አሏቸው። ከዚያ ብር ላይ ተነስቶ ነው ቲሸርት የታዘዘው። ለ18 ሰው፣ ፊቱ ላይ የኬንያ ካርታ ያለበት፣ አንዱ ለመሥሪያ አንዱ ለመዝናኛ ሁለት ሁለት። ሐጂ ባዩኝ ቁጥር "ልጆቹ መቼ ነው የሚሄዱት? አላህ በሰላም ያድርሳቸው" ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ቲሸርቱን አላነሳባቸውም።

እዚህ ላይ ግን ለልጆቹ አንድ ነገር ልናገርላቸው፣ ወላጅ ነኝና።

ለወሎ ወጣት "ውጭ" ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በባቲ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ደላላ ይዞት በሌሊት የሚወጣ ነው። በ2006 ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ስትመልስ ከነሱ መሀል የኛ አካባቢ ልጆች ስንት እንደነበሩ በየጎረቤታችን አይተናል። ያልተመለሱትንም እናውቃለን። ታዲያ በፓስፖርት፣ በቀን፣ እናቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታው ድንበር የሚሻገር ልጅ፣ በሁለት ሳምንቱ ደግሞ የሚመለስ ልጅ ማየት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። የሌላ አገር ሰው እንዴት እንደሚጸልይ ያያል፣ እንዴት እንደሚኖር ያያል፣ እንግሊዝኛውን ይሞክራል። ልጄ "አባዬ፣ እኛም እኮ እንለወጣለን" ስትለኝ መልስ የለኝም። ትለወጣለች።

እንግዲያው ጉብኝት ነው እንበለው! የናይሮቢ ወንድሞቻችንን ልንጠይቅ፣ አብረናቸው ልናመልክ፣ አገር ልናይ ነው ብንል የሚያፍርብን የለም። ዘመድ ጥየቃ መቼ ነውር ሆኖ ያውቃል? የጉብኝት ወጪ ግን ከየቤታችን ነው የሚወጣው። እኔም የልጄን ልችል ዝግጁ ነኝ። በየቲም ስም ፒያሳ ላይ አይለመንበትም።

ከሁሉም የከበደኝ ማሳደጊያው ነው።

ፕሮግራሙ ላይ "ከሕጻናቱ ጋር ጨዋታ፣ ከረሜላ ማደል፣ የፎቶ ጊዜ" ይላል። እንዲህ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ የፎቶ ጊዜ። ሦስት ቀን ያቅፏቸዋል፣ ስማቸውን ይለምዳሉ፣ "እህትሽ ነኝ፣ ወንድምህ ነኝ" ይሏቸዋል። በአራተኛው ቀን አውቶቡስ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቡድን፣ ሌላ እህት፣ ሌላ ከረሜላ። እንዲህ ያደገ ልጅ ወይ ያገኘው እንግዳ ላይ ሁሉ ይንጠለጠላል፣ ወይ ጭራሽ ማንንም አያምንም። እኔ ይሄን ለማለት የሥነ ልቦና ዲግሪ የለኝም፣ ግን ልጅ አሳድጌያለሁ።

ደግሞም የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2012 ስለ ሕጻናት መብት ባጸደቀው ውሳኔ፣ በየማሳደጊያው የሚደረገው የበጎ ፈቃድ ጉዞ ልጆችን ለጉዳትና ለንግድ እንደሚያጋልጥ ጠቅሶ መንግሥታት እንዲከላከሉት ጠይቋል። ኬንያ ራሷ በ2017 እ.ኤ.አ. አዳዲስ የሕጻናት ማሳደጊያ መመዝገብ አቁማለች። በ2022 ደግሞ ልጆቹን ከየተቋሙ እያወጡ ወደ ቤተሰብና ወደ ማኅበረሰብ የሚመልስ የአሥር ዓመት ዕቅድ አውጥታለች። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በዓለም ላይ በየማሳደጊያው ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ያስገባቸው ድህነት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ገንዘብ የሚገባበት ቤት ደግሞ ልጆቹን ወደ እናታቸው ለመመለስ ምን ያስቸኩለዋል? እንዲያውም አልጋው ባዶ እንዳይሆን ሌላ ልጅ ይፈልጋል። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፤ በእውነት ወላጅ የሌለውን የሚያሳድጉ ደግ ሰዎች አሉ። እነሱም ቢሆኑ የሚያስፈልጋቸው የማይለዋወጥ ሞግዚት ነው።

የኬንያ መንግሥት ሊዘጋው የሚታገለውን በር የኛ ልጆች ከረሜላ ይዘው ሊያንኳኩ ነው።

ወሎ ይሄን ለመረዳት ሥልጠና የሚያስፈልጋት አገር አይደለችም። በ77 ባቲና ኮረም መጠለያ ካሜራ ፊት የተቀመጡት የኛ ሰዎች ናቸው። ልጅ ነበርኩ፣ ግን ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግኩት። የመጣው እርዳታ የስንቱን ነፍስ አትርፏል፣ ይሄን የሚክድ የለም። ፎቶው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። "ላንሳሽ ወይ?" ተብላ የተጠየቀች እናት አልሰማሁም። ዛሬም ረሃብ ሲባል ያው ፎቶ ነው የሚወጣው፣ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ብትኖር የልጅ ልጅ ታያለች። ልጆቻችንንም ለባሕር ማዶ ጉዲፈቻ ስንሰጥ ኖረን በ2010 በሕግ አቁመነዋል። ታዲያ እኛው ደርሰን የሰው አገር ልጅ አቅፈን ፎቶ እንለጥፍ?

ልጄን ጠየቅኳት። "አንቺ ትንሽ ልጅ ሳለሽ በየወሩ የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው አቅፈውሽ፣ ፎቶ አንስተውሽ ቢሄዱ እናትሽ ዝም የምትል ይመስልሻል?" ትንሽ አሰበችና "እሱን ለኮሚቴው ንገራቸው፣ እኔን አታስጨንቀኝ" አለችኝ። ይኸው ለኮሚቴው እየተናገርኩ ነው።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም መባሉ ኮሚቴውን አዘናግቶታል። ለጉብኝት መግባትና ለሥራ መግባት አንድ አይደለም። ኬንያ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ሥራ የምትሰጠው ራሱን የቻለ ፈቃድ አለ፣ ጋባዧ ቤተ ክርስቲያን ቀድማ ትጠይቅ። የቢጫ ወባ ክትባቱ ካርድ ደግሞ መሥራት የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ለጉዞው ዋዜማ አይተዉት። አንዴ ከተወጉ የዕድሜ ልክ ነው፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ቢወጉ አይከስሩም።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ ቢደረግ እላለሁ። ከከተማው የተሰበሰበው ገንዘብ የሦስቱን ባለሙያዎች፣ የሁለቱን ሴት ልጆችና የመካኒኩን፣ ሙሉ ወጪ ይሸፍን። ባንክ የምትሠራ እህት አለችን፣ ፈቃድ ካገኘች ሂሳቡን እሷ ታስተምር። አንድ እንግሊዝኛ የሚችል፣ አንድ ሽማግሌ። ስድስት ሰው አይበልጥም። ሁለት ሳምንት ሳይሆን ወር ይቀመጡ፣ ምክንያቱም መኪናው የሚበላሸው ሰው ከሄደ በኋላ ነው፣ እናቶቹ ራሳቸው ፈትተው መግጠም እስኪችሉ ድረስ አብሮ መቆየት ይጠይቃል። መለዋወጫውን ከመግዛታቸው በፊት ደግሞ የመኪናዎቹን ዓይነት በፎቶ ያስልኩ። የቀረው ብር መለዋወጫና ጨርቅ ይሁን። ያኔ ሐጂን ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። ሌሎቹ ልጆች ሊጠይቋቸው ከፈለጉ በየቤታቸው ወጪ በወሩ መጨረሻ ሄደው፣ አብረው አምልከው፣ ቡድኑን ይዘውት ይምጡ። ማሳደጊያው ይሰረዝ።

ይሄን ለልጄ ሳስረዳት "ታዲያ እኔስ?" አለች። "አንቺማ መርፌ ውስጥ ክር አታስገቢም" አልኳት። "ያላስተማረችኝ እማዬ ናት" ብላ ወደ እናቷ ዞረች። ከዚያ በኋላ የተባለውን ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም።

ቀለም መቀባት አለብን የሚሉ ልጆች ካሉ ደግሞ እኔ አለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ። ያ ያልኳችሁ ትምህርት ቤት ገና ያልተነኩ ሁለት ክፍሎች አሉት፣ ርዕሰ መምህሩን አናግሬያቸው እሺ ብለዋል። መፋቂያና ብርጭቆ ወረቀት ከኔ፣ አሮጌ ልብስና የአፍ መሸፈኛ ከነሱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለም የሚባል ነገር አይከፈትም፣ መፋቅ ብቻ ነው። ቲሸርቱን ለብሰው ቢመጡ ቅር አይለኝም።

አዘጋጆች፣ ደብዳቤዬ ከረዘመባችሁ የኖራውንና የስቱኮውን ወሬ ቁረጡት። የማሳደጊያውን ግን አትንኩብኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ እሁድ ስለሆነ ከዚያ በፊት ብታወጡልኝ ውለታችሁ አለብኝ።

አክባሪያችሁ
አንድ ቀለም ቀቢ
ከደሴ፣ ሆጤ